ለሳምንት የመጡ ሠራተኞች

እሷ፦ ጋሼ፣ በጉባኤው ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ጉዞ አጥብቀው እንደደገፉ ሰማሁ። ልጆቹ በጁላይ ከባልቲሞር ፖርቶ ሪኮ ሄደው፣ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው የበጎ ፈቃደኞች ካምፕ አንድ ሳምንት አድረው፣ የሰው ቤት ጣሪያ ሊሠሩ ነው አሉ። ለመሆኑ ከመካከላቸው መዶሻ ይዞ የሚያውቅ አለ?

እሳቸው፦ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። የደገፍኩት አናጢ ይሆናሉ ብዬ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ካምፕ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ስለማውቅ ነው። እሑድ ማታ ይደርሳሉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተደራራቢ አልጋ ይሰጣቸዋል። ሰኞ ፀሐይ ሳትበረታ ከአካባቢው ግንበኛ ጋር ይወጣሉ። ቆርቆሮ ያቀብላሉ፤ ሲሚንቶና አሸዋ ያቦካሉ፤ ባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ጠፍጣፋውን የኮንክሪት ጣሪያ አጥበው ውኃ እንዳያሰርግ ነጩን ቀለም ይቀባሉ። ምስማሩ የት እንደሚመታ የሚወስነው ግንበኛው ነው። ማታ ሩዝና ባቄላ በልተው፣ ኮኪ የምትባለዋ የደሴቲቱ ትንሽ እንቁራሪት ሌሊቱን ስትጮህ እየሰሙ ይተኛሉ። ቅዳሜ እነሱ ሲወጡ እሑድ ሌላ ቡድን ይገባል።

እሷ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ባልዲ ለማቀበል አውሮፕላን መሳፈር ለምን? ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ባልዲ የሚያቀብል ሰው ጠፍቶ ነው?

እሳቸው፦ አዎ፣ ከምታስቢው በላይ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቆጠራ የደሴቲቱ ሕዝብ 3.7 ሚሊዮን ነበር፤ በ2020 ወደ 3.3 ሚሊዮን ወርዷል። የሄደው ደግሞ ጉልበት ያለው ነው፤ ወደ ኦርላንዶ፣ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ፊላደልፊያ። ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ስለሆኑ ቪዛ የሚከለክላቸው የለም። በተራራው መንደሮች ከቀሩት ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው።

የደረሰባቸውንም አትርሺ። ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 በያቡኮአ በኩል ወደ የብስ ስትገባ ፍጥነቷ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። መላው ደሴት መብራት አጣ፤ የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት ሲያገኙ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

እሷ፦ ይህንን እኔም አልረሳሁም፤ ነርስ ነኝ። መንግሥት መጀመሪያ 64 ሰው ነው የሞተው ብሎ ነበር። የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወትሮው በላይ የሞተውን ሰው ሲያሰሉ 2,975 ደረሰ፤ መንግሥትም ቁጥሩን ተቀበለ። ያን ሁሉ ሰው ነፋሱ ጠርጎ አልወሰደውም። መንገድ ተዘግቶ ኩላሊቱን ሳይታጠብ የቀረ አለ፤ መብራት ጠፍቶ የኦክስጅን መሣሪያው የቆመበት አለ፤ ኢንሱሊኑ ያለ ማቀዝቀዣ የተበላሸበት አለ። ታዲያ ይህ የመንግሥት ዕዳ አይደለም? ዜጎች ናቸው ብለዋል እርስዎም። ዋሽንግተን ለመልሶ ግንባታው በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ በኩል ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድባላቸዋለች። ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ በመታች ቁጥር ባለሥልጣኑ ፊት የሚጮህ ሰው በአንድ ይቀንሳል።

እሳቸው፦ ገንዘቡ መመደቡና ቤት መድረሱ ለየቅል ነው። በፖርቶ ሪኮ ገጠር አያት በሠሩት ቤት፣ ወይም ዘመድ በቃል በሰጠው መሬት ላይ መኖር የተለመደ ነው። ውርሱ በወረቀት አልተከፋፈለም፤ ካርታ የለም። ፌማ፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሲጠይቅ በዚሁ ሰበብ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አመልካቾች ተመለሱ። የደሴቲቱ ጠበቆች ታግለው በቃለ መሐላ የሚተካበትን መንገድ ያስገኙት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደንቡን በመላ አገሪቱ ያሻሻለው ደግሞ በ2021 ነው።

እስከዚያ ድረስ የቤቱ ጣሪያ ሰማያዊ ሸራ ነበር። ሸራው ለጊዜው ተብሎ የተወጠረ ነው፤ ፀሐይ ያነትበዋል፣ ነፋስ ይቀደዋል፣ ከሥሩ ግድግዳው ይሻግታል። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ካርታሽን አምጪ አትልም። ማን እንደሚኖርበት ጎረቤት ይመሰክራል፤ ያ ይበቃታል። ከዚህ በኋላ ለባለሥልጣኑ የሚጮህ ካለ፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው የበለጠ ይጮሃል።

እሷ፦ ይሁን፤ ጣሪያው ያስፈልጋል፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ቀድማ አየችው። ይህን ለቀቅኩልዎ። ያልገባኝ በዚህ መንገድ ለምን እንደሚሠራ ነው።

በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄዱ። ኩርት ቨር ቢክ የተባለ የካልቪን ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መምህር፣ ራሱም ክርስቲያን፣ ራሱም ሆንዱራስ የሚኖር፣ እንግዶቹ የሠሯቸውን ቤቶች የአገሩ ድርጅቶች ከሠሯቸው ጋር አነጻጸረ። ጥናቱ በ2006 ታተመ። ቤት ባገኙት ቤተሰቦች ኑሮ ላይ ልዩነት አላገኘም። ተጓዦቹም ከተመለሱ በኋላ በሚሰጡት ገንዘብም ሆነ በአኗኗራቸው የረባ ለውጥ አላየባቸውም። አንድ ቤት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ሲፈጅ የአንድ ቡድን ጉዞ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር። ሆንዱራሳውያኑ እንግዶቹን በደስታ ነው የተቀበሏቸው፤ ሲጠየቁ ግን ገንዘቡ ብዙ ቤት ቢሠራበት ይሻል እንደነበር ተናገሩ። እርስዎ መሐንዲስ ነዎት። ይህን ሒሳብ እንዴት ያልፉታል?

እሳቸው፦ አላልፈውም። ግን ሒሳቡ ገንዘቡ አስቀድሞ ካዝና ውስጥ እንዳለ አድርጎ ይነሣል። የለም። ልጆቹ መኪና ሲያጥቡ፣ እናቶች ከቅዳሴ በኋላ ድፎ ዳቦ ሲሸጡ፣ ሂዩስተን ያለው አጎት መቶ ዶላር ሲልክ፣ የሚልከው የእህቱ ልጅ ስለምትሄድ ነው። እሷ ካልሄደች ያ መቶ ዶላር ወደ ፖርቶ ሪኮ አይዞርም፤ እዚያው ሂዩስተን ይቀራል። ካምፑ ደግሞ ከእያንዳንዱ እንግዳ የሳምንት ክፍያ ይቀበላል። የግንበኛው ደመወዝ፣ የወጥ ቤቷ ደመወዝ፣ የሲሚንቶው ዋጋ ከዚያ ይወጣል። ትኬቱን ብቻ አትቁጠሪ፤ ትኬቱ የሚስበውንም ቁጠሪ።

እሷ፦ እንግዲህ አመኑ። ጣሪያው ሰበብ ነው፤ የሚፈለገው የልጆቹ መሄድ ነው። እንዲህ ከሆነ ጣሪያ የሚሠራላት ባልቴት ሁለት ሥራ አለባት፦ ጣሪያ የምትቀበል ሆና መታየት፣ ከዚያም ለልጆቻችን ልብ ማለስለሻ መሆን። ሁለተኛውን ሥራ ስትሠራ ማንም አይከፍላትም።

ይህን ከእኔ በፊት፣ ከእኔ በከፋ ቋንቋ የተናገረ ቄስ ነበር፤ ኢቫን ኢሊች። ፖርቶ ሪኮን ከሩቅ አልነበረም የሚያውቃት። በኒው ዮርክ ከፖርቶ ሪካውያን ምእመናን ጋር ሠርቷል፤ በ1956 ፖንሴ ላይ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ሬክተር ሆነ። ከአሜሪካ የሚመጡ ቀሳውስትና መነኮሳት ስፓኒሽና የሕዝቡን አኗኗር የሚማሩበትን ተቋም ያቋቋመው እዚያ ነው። በ1960 ጳጳሳቱ ምእመናን ለገዥው ለሉዊስ ሙኞስ ማሪን ፓርቲ ድምፅ እንዳይሰጡ ሲከለክሉ ተቃወመ፤ ደሴቲቱን ለቆ የወጣውም በዚያ ምክንያት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ኩዌርናቫካ ላይ ለአሜሪካ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ሲናገር፣ ለመማርና አገር ለማየት ቢመጡ እንደሚቀበላቸው፣ ለመርዳት መምጣታቸውን ግን በፈቃዳቸው እንዲተዉት ለመናቸው። ከሀብታም አገር የመጣ ልጅ ድሃ ቤት ሲገባ ቅን ልቡን ብቻ ይዞ አይገባም፤ የአገሩ ኃይልና ኑሮ አብሮት ይገባል። ቤቱም ያንን እያየ ራሱን ይለካል።

እሳቸው፦ ኢሊችን እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ፖንሴ ላይ ምን ሠራ? የመጡትን ወደ መጡበት አልመለሰም፤ ቋንቋ አስተማራቸው። ተግባሩ ከንግግሩ የበለጠ ይመክረኛል።

እሱ ፖንሴ ከመድረሱ 14 ዓመት በፊት በዚያችው ደሴት ተራራ ላይ የሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃይማኖታችን መሣሪያ አያስይዘንም ያሉ አሜሪካውያን ወጣቶች በጦር ሠራዊት ፈንታ ሲቪል አገልግሎት እንዲሰጡ ሕግ ፈቀደ። የሰላም አብያተ ክርስቲያናት የሚባሉት ሦስቱ፣ መኖናይቶች፣ ብሬዝረኖችና ኩዌከሮች፣ ካምፖቹን ያስተዳድሩ ነበር። ከ1941 እስከ 1947 ድረስ 12 ሺህ ያህል ወንዶች አልፈውባቸዋል፤ ደመወዝ አልነበራቸውም። በ1942 የመጀመሪያዎቹ ፖርቶ ሪኮ ገቡ። ብሬዝረኖች ካስታኜር ላይ፣ ቡና በሚበቅልበት ተራራ ሰፈሩ፤ መኖናይቶች በዓመቱ ላ ፕላታ ሸለቆ ውስጥ፤ ኩዌከሮች በሰሜን ምሥራቅ በኩል።

ብሬዝረኖች ካስታኜር ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ያ ሆስፒታል ዛሬም እዚያው አለ፤ የሚመሩትና የሚያክሙበት ፖርቶ ሪካውያን ናቸው። የላ ፕላታው ሕክምና ደግሞ ወደ አይቦኒቶ ከተማ ተዛውሮ እያደገ ሄደ፤ ዛሬ መኖናይት በሚለው ስሙ በደሴቲቱ በርካታ ሆስፒታሎች አሉት። መነሻው ምን ነበር? ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው የበጎ ፈቃደኞች ካምፕ፣ አልጋ የተደረደረበት፣ የካንሳስና የኢንዲያና የገበሬ ልጆች ያደሩበት።

እሷ፦ ምስክርዎ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፣ ጋሼ። እነዚያ ልጆች ቅዳሜ አልሄዱም። በሕግ ተይዘው ነበር፤ መሄድ ቢያምራቸውም አይችሉም። ስፓኒሽ ሳይወዱ በግድ ይማራሉ። የሠሩት ጉድጓድ ሲደረመስ እዚያው ሆነው ያዩታል፤ ሲያፍሩም ያፍራሉ። ካስታኜርን ካስታኜር ያደረገው የመጡት ሰዎች ቅንነት ብቻ ሳይሆን መቆየታቸው ነው። የዛሬው የሳምንት ካምፕ የእነሱን ስም ወርሶ የእነሱን ጊዜ አልወረሰም።

ደግሞ ከዚያም በፊት ያለውን አንተው። አሜሪካ ደሴቲቱን ከስፔን በ1898 ወሰደች። በዓመቱ፣ በ1899፣ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች ካርታ ዘርግተው ፖርቶ ሪኮን ለስብከት ተካፈሏት፤ ይህ ወረዳ ለፕሬስቢቴሪያን፣ ያ ለባፕቲስት፣ ያኛው ለሜቶዲስት። ከነዋሪው የጠየቁት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ባዶ እጇን አልደረሰችም፤ ከኋላዋ ባንዲራ ነበረ። ልጆቻችን ቲሸርት ለብሰው ሲወርዱ ያ ታሪክ አብሯቸው ይወርዳል፣ ባያውቁትም።

እሳቸው፦ ታሪኩ እውነት ነው፤ ሊያውቁትም ይገባል፣ ሳይሳፈሩ። ነገር ግን በባንዲራ ጥላ የመጣ ነገር ሁሉ እዚያው ጥላ ሥር አይቀርም። ወደ አገራችን ልመልስሽ። እነዚሁ መኖናይቶች ጣሊያን ከወጣ በኋላ ናዝሬት መጥተው ጣሊያን የተወውን የጥጥ መዳመጫ ወደ ሆስፒታል ለወጡት፤ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ተባለ። ድሬሰሮች አሠለጠኑ። ከዚያ ሥራ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። በ1982 ደርግ ዘጋት፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። እንግዶቹ በሌሉበት፣ በየቤቱ ተሸሽጋ፣ ደርግ ሲወድቅ ብዙ እጥፍ አድጋ ተገኘች። ዛሬ በዓለም ካሉት የመኖናይት ቤተሰብ አብያተ ክርስቲያናት ከትልልቆቹ አንዷ ናት። ያን ጊዜ ናዝሬት ላይ አንቺን የሚመስል ሰው "እነዚህ ፈረንጆች ምን ሊሠሩ መጡ" ብሎ በሩን ቢዘጋስ?

እሷ፦ ብሎም ይሆናል፤ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ግን ናዝሬት ላይ የቀረው ማን ነው? ድሬሰሩ ነው። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ወባ መለየት የተማረው ኢትዮጵያዊ። ደርግ ሕንጻውን ሲወርስ ሙያውን ሊወርስበት አልቻለም። ያቺም ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው ራሷን በራሷ የምትመራ ስለነበረች ነው። እስቲ የጁላዩን ሳምንት በዚሁ ይመዝኑት። ልጆቻችን ሲመለሱ እዚያ ሙያ ይዞ የሚቀረው ማን ነው? ግንበኛው ያው ግንበኛ ነው፤ ሳምንቱን ያሳለፈው ቆርቆሮ አያያዝ ለማያውቁ ልጆች ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ሲያስረዳ ነው። ያንን ጊዜ ለሁለት የመንደሩ ወጣቶች ቢያስተምርበት በዓመቱ ሦስት ግንበኛ ይሆናሉ።

ፖርቶ ሪካውያን ራሳቸው የሠሩትን ደግሞ ልንገርዎ። አድሁንታስ ውስጥ ካሳ ፑዌብሎ የሚባል የማኅበረሰብ ድርጅት አለ፤ በ1980 ነው የተመሠረተው፣ ተራራው ለማዕድን እንዳይቆፈር ለመከላከል። ቡና እየሸጠ ራሱን ያስተዳድራል። ከማሪያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ተክሎ ስለነበር፣ ደሴቲቱ ስትጨልም ሰው ስልኩንና የሕክምና መሣሪያውን ቻርጅ የሚያደርገው እሱ ጋ መጥቶ ነበር። በ2023 የከተማው መሐል ነጋዴዎች የጋራ የፀሐይ መብራት መረብ አስመርቀዋል። በጃንዋሪ 2020 መጠኑ 6.4 የሆነው መሬት መንቀጥቀጥ ደቡቡን ሲመታ፣ የጉዋያኒያ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ፣ ሰው ሜዳ ላይ ሲያድር፣ ከመላው ደሴት የመጡ መኪኖች ውኃና ድንኳን ጭነው መንገዱን አጨናነቁት። ማንም አላደራጃቸውም።

እሳቸው፦ ይህን ሁሉ ስትናገሪ ቤተ ክርስቲያንን ከሕዝቡ ውጭ ታቆሚያታለሽ። የፖርቶ ሪኮ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የፖርቶ ሪካውያን ናት፤ ራሷን የቻለች፣ የራሷ ጳጳስ ያላት። ከማሪያ በኋላ ሬአሴ የሚባለውን የመልሶ ግንባታ ፕሮግራም የከፈተችው እሷ ናት። የሚጠገነውን ቤት የምትመርጥ፣ ግንበኛ የምትቀጥር፣ እንግዳ የምትቀበል፣ እንግዳ የምትመልስም እሷ ናት። ለዚህ ነው ካምፕ እንጂ ጉብኝት ያላልኩት። ልጆቻችን ይለዋወጣሉ፤ ካምፑ ግን ይቆያል። ካስታኜር ላይ አንድ ሰው ሦስት ዓመት የሠራውን እዚህ መቶ ሃምሳ ሳምንት ይሠራዋል፣ ትእዛዙን የሚሰጠው አንድ ሰው እስከሆነ ድረስ።

እሷ፦ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው የሚለውን በቪዬኬስ እናየዋለን። ከዋናው ደሴት በስተ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1940ዎቹ ጀምሮ አብዛኛውን መሬቷን ይዞ ቦምብ ይለማመድባት ነበር። በኤፕሪል 1999 ስቶ የወደቀ ቦምብ አንድ የአገሩን ተወላጅ ጥበቃ ገደለ። ከዚያ በኋላ ሰዎች በተኩስ ሜዳው ላይ ካምፕ ተከሉ። ዓሣ አጥማጆች፣ መምህራን፣ አብያተ ክርስቲያናትም፤ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ጸሎት ቤት ሠርቶ ለወራት አደረበት። በፌብሩዋሪ 2000 በአብያተ ክርስቲያናቱ ጥሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሳን ሁዋን ላይ ወጣ። በሜይ ወር መንግሥት ካምፑን በኃይል አነሣው። በ2003 ግን ባሕር ኃይሉ ለቀቀ።

ያም ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው፣ በሞቃት ደሴት ላይ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ካምፕ ነበር። ከውጭ የመጡ ሰዎችም ገብተውበታል። የገቡት ግን የነዋሪውን ጥያቄ ይዘው፣ ነዋሪው እንደሚታሰረው ሊታሰሩ ነው። ለእንግዳው ምቾት ተብሎ የተከረከመ ነገር አልነበረም። የእኛ ጉዞ ደግሞ መቼ ነው? ጁላይ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ጁን 1 ይጀምራል፤ ጣሪያ መጠናቀቅ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው። ልጆቹ ግን ትምህርት የሚዘጋላቸው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ጁላይ ይሄዳሉ። የቀን መቁጠሪያውን የያዘው ማን እንደሆነ ከዚህ አይታወቅም?

እሳቸው፦ ይህኛው ይመታል። መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቀን ቢቀየር ደስ ይለኛል፤ በፀደይ የትምህርት ዕረፍት አለ፤ እጠይቃለሁ።

እሷ፦ አንድ ልጨምር። ጣሪያው ቢያፈስስ የቤቱ ባለቤት ለማን ትናገራለች? ተቋራጭ ቀጥራ ቢሆን ገንዘቤን መልስ ትላለች፣ ትከሰዋለች። በነጻ የተሠራላትን፣ ያውም ጸልየውላት የሄዱትን፣ ምን ትላቸዋለች? ታመሰግናለች፤ ባልዲ ከሥሩ ታስቀምጣለች። እኔ በሥራዬ ቦታ አየዋለሁ፤ በነጻ የታከመ ሰው ሲያመው አይናገርም። ምስጋና አፍ ይይዛል።

እሳቸው፦ ለዚህ ነው ከልጆቹ ይልቅ ግንበኛውን የማየው። እሱ መንደሩ ውስጥ ነው፤ የቤቱ ባለቤት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለች፤ ፈሰሰብኝ ብትለው አያመልጣትም። ፊዮና የተባለችው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2022 መጥታ እንደገና መላውን ደሴት ስታጨልም፣ ከማሪያ በኋላ ከሩቅ መጥተው የነበሩ ብዙ ድርጅቶች ወጥተው ነበር። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነበረች።

ስለ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ፍቀጂልኝ። በ1980ዎቹ ከሱዳን ካምፖች እዚህ አገር የገባነውን የተቀበለን ማን ነበር? ብዙዎቻችንን ያስመጡን የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች ናቸው፤ ሉተራኑ፣ ካቶሊኩ። አልጋና ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ፣ አውቶቡስ እስክንለምድ የሚያሳፍረን ሰው። ቋንቋችንን አያውቁም ነበር፤ ስለ እኛ የሚያውቁት ረሃቡን ብቻ ነው። በኢሊች ሚዛን ቢመዘኑ ይወድቃሉ። እኔ ግን በእነሱ እጅ ነው ሥራ የያዝኩት። ልጆቻችን ይህን አያውቁትም። ከእንግዳ ተቀባይነት በቀር ምንም የሌለው ሰው ቤት ገብተው፣ ከሥሩ ሆነው፣ በእሱ ትእዛዝ አንድ ሳምንት ላብ ቢያንጠባጥቡ ይጎዳሉ?

እሷ፦ አይጎዱም። ይጠቅማቸዋል፤ ይህን ተከራክሬ አላውቅም። ግን እናንተን የተቀበሏችሁ እዚሁ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤት ሆናችሁ ቀራችሁ። እርስዎ በዓመቱ የእነሱን አጥር ሠርተዋል፣ ሲታመሙ ጠይቀዋል። አገር ቤት ገበሬው ወንፈል የሚገባው እኮ ነገ የእሱ ማሳ ላይ ጎረቤቱ እንደሚቆም ስለሚያውቅ ነው። ፖርቶ ሪካዊቷ ለልጆቻችን ምን ትመልሳለች? መመለሻ አልተተወላትም። እሷንም ልጅዋንም አንድ ሳምንት እኛ ቤት የሚያሳድር፣ ምናልባትም ባልቲሞር ውስጥ ያለ የአንድ አረጋዊ ቤት ጣሪያ አብረውን የሚያድሱበት ትኬት በበጀታችሁ ውስጥ አለ?

እሳቸው፦ የለም።

እሷ፦ ቢኖር ግማሽ ክርክሬን እተዋለሁ።

እሳቸው፦ አስገባዋለሁ። ወላጆቹ ላይወዱት ይችላሉ፤ አንድ ልጅ ለመጨመር ሌላ አንድ ልጅ መቀነስ ይሆናል። ቢሆንም አስገባዋለሁ። ካልተፈቀደልኝ ግን ጉዞው ይቅር አልልም። የዚያች ቤት ሸራ የእኛን ክርክር አይጠብቅም።

እሷ፦ እሷ ነች እንግዲህ መጠየቅ ያለባት።

እሳቸው፦ እሷ ለሁሉም እሺ ትላለች፤ አንቺው ነሽ አሁን ያልሽው። ግንበኛውን እንጠይቀው። እኛን የሚያፍርበት ነገር የለም። የልጆቹን ትኬትና ክፍያ አንድ ላይ ደምረን እንንገረውና ይምረጥ፦ ልጆቹ ለሳምንት ይምጡለት፣ ወይስ በዚያው ገንዘብ ሁለት የመንደሩን ወጣቶች ለወቅቱ ይቅጠር?

እሷ፦ በትክክል ያ ነው። ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አይሆንም፤ በስፓኒሽ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን መጋቢ በሌለበት።

እሳቸው፦ አንቺ ትናገሪያለሽ፤ አንቺው ደውዪለት። ልጆቹ ይምጡ ካለ ግን ነርስ ያስፈልገዋል ካምፑ፣ ተርጓሚም። አብረሻቸው ትሄጃለሽ።

እሷ፦ ካለ እሄዳለሁ። ገንዘቡን ላኩልኝ ካለስ? ድፎ ዳቦውን የሸጡትን እናቶች ሰብስበው፣ ልጆቻችሁ አይሄዱም፣ ገንዘቡ ግን ይሄዳል ብለው እርስዎ ይነግሩልናል?